ስሜን የፈለግሁበት መጽሐፍ

ሴትዮዋ በሩን ስታንኳኳ ልጆቹ ከምሳ በኋላ ተኝተው ነበር። ሳሎኑ ወለል ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ ጎን ለጎን አስተኝቻቸዋለሁ፤ መጋረጃውን ዘግቼ ወጥ ቤት ውስጥ ኮሽታ ሳላሰማ ሳህን አጥባለሁ። ዘጠናዎቹ ከተጋመሱ በኋላ ነው። ዳላስ ከገባን ገና ብዙ አልቆየንም፤ ካሮልተን ውስጥ ሁለት መኝታ ቤት ባላት አፓርትመንት እንኖር ነበር። ባሌ መጋዘን ውስጥ ጭነት ያወርዳል፤ እኔ ደግሞ ያገሬን ሰዎች ልጆች ቤቴ እጠብቃለሁ። እናቶቻቸው ሆቴል አልጋ የሚያነጥፉ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። ጠዋት እየተጣደፉ ያስረክቡኛል፤ አመሻሽ ላይ እየተጣደፉ ይወስዷቸዋል።

አገር ቤት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበርኩ። ለመኩራራት አይደለም ይህን የማነሳው፤ ያን ቀን የደረሰብኝ ለምን እንደዚያ እንዳቆሰለኝ እንዲገባ ነው። ልጆቹን ቴሌቪዥን ፊት ገትሬ አልውልም ነበር። ፊደል አስቆጥራቸዋለሁ፣ ተራ መጠበቅ አስተምራቸዋለሁ፣ እንግሊዝኛው ከአፋቸው ቀድሞ የሚወጣውን በአማርኛ አስደግማቸዋለሁ። በዚህ አገር ከሠራሁት ሥራ ሁሉ አንገቴን ቀና አድርጌ የሠራሁት ያን ብቻ ነበር።

በሩን ስከፍት መታወቂያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ፋይል ያቀፈች አሜሪካዊት ቆማለች። «ስቴት» የሚለውንና «ቻይልድ ኬር» የሚለውን ለይቼ ሰማሁ። ሌላው እንደ ዝናብ ወረደብኝ። በትከሻዬ ላይ አሻግራ የተኙትን ልጆች ስታይ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ በጣቷ ቆጠረቻቸውና ጻፈች። የእኔ እንግሊዝኛ የገበያ እንግሊዝኛ ነበር፤ ለእንዲህ ያለው ነገር አይበቃም። «ዌይት፣ ፕሊስ» አልኳትና ወደ ስልኩ ሮጥኩ።

የደወልኩት ለጋሼ ነው። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ፣ ቁመተ ረጅም፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሰው ናቸው። እዚህ አዲሰን ውስጥ አንድ የቢሮ ሕንፃ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ይሠሩ ነበር። ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው፣ ከልጁ አስተማሪ ደብዳቤ የመጣለት ሰው፣ ከአከራዩ ጋር የተጋጨ ሰው፣ ሁሉም እንዲያስተረጉሙለት የሚደውለው ለእሳቸው ነበር። የሚኖሩት ሜስኪት ቢሆንም የሥራ ቦታቸው ለኔ ቅርብ ነው። ደግሞ ከተኙት ልጆች አንዷ የልጃቸው ልጅ ናት።

የሥራ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ መጡ። ሴትዮዋ ተቀብላቸው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ብዙ ተናገረች። በእጇ ወደ ልጆቹ፣ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ውጭ እያመለከተች፣ አንዳንዴም ፈገግ እያለች ተናገረች። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «የስ፣ የስ» ይላሉ። ስትጨርስ ወደኔ ዞሩ።

«ከዛሬ ጀምሮ ልጅ እንዳትቀበይ ብላለች» አሉኝ። «የምትሠሪው ሕገ ወጥ ነው። ደግማ ከመጣች ከፖሊስ ጋር ነው የምትመጣው።»

«ይህን ሁሉ የተናገረችው ያንን ለማለት ነው?»

«ዋናው እሱ ነው።»

ሴትዮዋ ካርዷን አውጥታ ጀርባው ላይ የሆነ ነገር ጫረችና ሰጠችኝ። እጄን ጨበጠችኝ። ከሄደች በኋላ ጋሼ ካርዱን ተቀበሉኝ፤ መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት አዩት።

«አድራሻ ነው። ዳውንታውን። የመንግሥት ቢሮ ነው፤ መቅረብ አለብሽ ማለት ነው» አሉ።

ልጆቹ ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ ለእናቶቻቸው መደወል ጀመርን። እየተጠሩ ከሥራ መጡ። ቀን ነው፤ ጎረቤት ሁሉ በረንዳው ላይ ወጥቶ ያያል። አንዷ አቀፈችኝ። ሌላዋ፣ «ላይሰንስ እንደሌለሽ ለምን አልነገርሽንም?» አለችኝ። ላይሰንስ የሚባል የሥራ ፈቃድ መኖሩን መቼ አውቄ! መጨረሻ የመጣችው የጋሼ ልጅ ናት። ሕፃኗን ከእንቅልፏ ቀሰቀሰቻት፣ መብራቱ ሥር አቆመቻት፣ ልብሷን ገልባ ጀርባዋንና ሆዷን እያገላበጠች አየች። ቁስል ወይም የዱላ ምልክት እንደሆነ የምትፈልገው ገብቶኛል። ልጅቷ ዓይኗን እያሻሸች ወደኔ ታያለች። ጋሼም ቆመው አዩ፤ ተይ አላሉም።

ከዚያ በኋላ ከሰው ዓይን ሸሸሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ቅዳሴው ከተጋመሰ በኋላ ገብቼ ሳያልቅ እወጣ ነበር። ወሬው ግን ከኔ ቀድሞ ይገባል። ፖሊስ መጣባት፣ ልጅ ስትጠብቅ ተያዘች፣ ሕፃን አንቃለች መሰለኝ። ይህን የመጨረሻውን የነገረችኝ ያቀፈችኝ ሴት ናት፤ «እኔ አላመንኩም» ብላ። ሰው ሳያምን የሚነግርህን ነገር መስማት አምኖ ከሚነግርህ ይብሳል። ባሌ ግን አንድ ነገር ብቻ ይለኝ ነበር።

«የሠራሽው ነገር የለም፤ ሂጂና ቅረቢ። ባልቀረብሽ ቁጥር ጥፋተኛ ትመስያለሽ።»

«ካሰሩኝስ?»

«አብረን እንታሰራለን።»

በመጨረሻ እሱ ፈረቃ በሌለው ቀን ሄድን። ለቤተ ክርስቲያን የምለብሰውን ቀሚስ ለበስኩ፤ ነጠላዬን ልይዝ ብዬ ፈርቼ ተውኩት። ባሌ የሠርጉን ኮት አደረገ። ካርዱ ጀርባ ላይ የመንገድ ቁጥር፣ የፎቅ ቁጥር፣ ከሥሩ ደግሞ ባሌ አንብቦ «ገቨርመንት» የሚለውን የለየው ጽሑፍ አለ። ሌላው የሴትዮዋ ጥድፊያ ያበላሸው እጅ ጽሑፍ ነው። ዳውንታውን ዞረን ዞረን መኪናውን ፓርክ አደረግን፤ ሕንፃው ትልቅ፣ ግራጫ፣ በመስኮት የተሞላ ነበር። እንደ ፍርድ ቤት አስፈራኝ።

ሊፍቱ ሲከፈት ግን ያየሁት መደርደሪያ ነው። ዓይን እስከሚደርስ መደርደሪያ። መስኮቱ አጠገብ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ጋዜጣ ላይ ተደፍቶ ያንኮራፋል።

«ምን ዓይነት ፍርድ ቤት ነው ሰው የሚተኛበት?» አለኝ ባሌ በሹክሹክታ።

ከጠረጴዛው ኋላ እጅጌውን የሰበሰበ ቀጭን ሰውዬ ተቀምጧል። ባሌ ቀድሞ እንዳይናገር ክንዱን ያዝኩት፤ እኔ ነኝ የተጠራሁት። ቦርሳዬን ከፍቼ ያለኝን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ግሪን ካርዴን፣ ሶሻል ሴኩሪቲዬን፣ የአፓርትመንታችንን ውል፣ ከአገር ቤት በሱዳን በኩል ተሸክሜ ያመጣሁትን የአስተማሪነት ምስክር ወረቀት፣ በላዩ ላይ የሴትዮዋን ካርድ። መኪና ውስጥ ስለማመደው የመጣሁትን እንግሊዝኛ ተናገርኩ፤ «ልጆች የምትጠብቀው ሴት እኔ ነኝ። መጥቻለሁ።»

ሰውዬው ወረቀቶቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ባሌን አየ። ካርዱን ብቻ አነሳና ሌላውን በቀስታ ወደኔ ገፋው።

«ይህን እዚህ አንጠይቅም» አለ። የካርዱን ጀርባ አነበበና ተነሥቶ ሄደ። ሲመለስ ሽፋኑ ላይ የስቴቱ ማኅተም ያለበት ቀጭን መጽሐፍ ይዞ መጣና ፊቴ አስቀመጠው።

ፋይሌ መሰለኝ። እውነቴን ነው፤ ስለ እኔ የተጻፈ ነገር መሰለኝ። ገለጥኩት። የስሜን የመጀመሪያ ፊደል እየፈለግሁ በጣቴ መስመር ለመስመር ወረድኩ። አንዱን ገጽ፣ ሌላውን ገጽ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ፣ «የሚፈልጉት ክፍል የትኛው ነው?» ሲል ባሌ መለሰለት።

«ስሟን ነው የምትፈልገው።»

ቢስቅ በተሻለኝ። አልሳቀም። ወንበር ስቦ አጠገባችን ተቀመጠና፣ ቃላቱን እየለያየ፣ ለመስማት ለሚቸገር ሰው እንደሚነገረው አድርጎ አስረዳን። መጽሐፉ ስለ እኔ አይደለም። በቤቱ ልጅ ለሚጠብቅ ሰው ሁሉ ስቴቱ ያወጣው ደንብ ነው። የስቴቱ መሥሪያ ቤቶች የሚያሳትሙትን ሁሉ እንደዚህ ላሉ ቤተ መጻሕፍት ይልካሉ፤ ስለ ውኃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሐኪም ቤት። ቤተ መጻሕፍቱ ያስቀምጠዋል፤ ማንም ሰው መጥቶ ያነበዋል።

«ማንም?» አልኩት።

«ማንም።»

«ዜጋ ያልሆነ ሰውም?»

«ዜጋ ይሁኑ አይሁኑ አልጠየቅኩዎትም» አለ፤ ከዚያ ሳመነታ አይቶ፣ «አልጠይቅምም» ብሎ ጨመረ።

ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ወረቀቶቼን ስሰበስብ እንዳያየኝ ሌላ ሥራ ያዘ። እሱም ገብቶኛል። ምስክር ወረቀቴን መልሼ ስከት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አገር ቤት ስድስት ዓመት ሳስተምር የትምህርት ሚኒስቴርን መመሪያ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ዳይሬክተሯ ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፋበት፣ «መመሪያው እንዲህ ይላል» ስትል እንሰማለን። እንዲህ ይል አይል ማን ያውቃል? ሕግ ለእኔ ሰው የሚነግረኝ ነገር ነበር። ቃሉን የያዘው ሰው ፊት መቆም እንጂ ቃሉን ፈልጎ ማንበብ የሚባል ነገር አልተማርኩም። ያፈርኩት ባለማወቄ ብቻ አይደለም። ነጻ አገር ገባሁ ብዬ ስንት ጊዜ ተናግሬ፣ ማንም ሳይዘኝ እጄን ለመስጠት ኮት ለባሽ ባሌን አስከትዬ መምጣቴ ነው።

ጠረጴዛው ላይ «ዲፖዚተሪ» የሚል ጽሑፍ ቆሟል። ባሌ አነበበውና፣ «ዲፖዚት እኮ ነው፣ እንደ ባንክ» አለኝ። እኔ ግን በልቤ አደራ አልኩት። የሕዝብ ነገር በአደራ የተቀመጠበት።

መዝገበ ቃላት አመጣልንና ጥግ ያዝን። አንዷን ገጽ ለማንበብ ረጅም ጊዜ ፈጀብን። ከሦስት የሚበልጡ የሌላ ሰው ልጆች በቤቱ የሚጠብቅ ሰው መመዝገብ አለበት ይላል። እንዴት እንደሚመዘገብ ይላል። ስንት ልጅ ድረስ እንደሚፈቀድ ይላል፤ እኔ የምጠብቃቸው ልጆች ቁጥር ከተፈቀደው አይበልጥም ነበር። የእሳት ማጥፊያ፣ የመድኃኒት ቁልፍ፣ የመኝታ ቦታ፣ ሁሉም በቁጥር ተጽፏል። ስለ ምዝገባው ባነበብነው ቦታ ሁሉ ፖሊስ የሚል ቃል ፈለግን፤ አጣን።

ባሌ መጽሐፉን ዘጋው።

«ሶ፣ ተመዝገቢ ነው ያለችሽ» አለ። «ማለቴ፣ ያን ሁሉ ስትለፈልፍ ይህንኑ ነበር የምታስረዳሽ። አድራሻውን የሰጠችሽ መጥተሽ እንድታነቢው ነው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ጋሼ ምን ሲሉ ነው?»

ገጾቹን ኮፒ አድርገን ወጣን።

በነጋታው ቅዳሜ ነበር። ሜስኪት ጋሼ ቤት ብቻዬን ሄድኩ፤ ባሌ ከሄደ ይጣላል ብዬ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስደረድር ነበር። ስሜ ጠፋ፣ እንጀራዬ ተዘጋ፣ የልጅዎ ልጅ ፊቴ ልብሷ ተገለበ፣ እርስዎም ቆመው አዩ፤ ይህን ሁሉ ልላቸው። በሩን የከፈቱልኝ ራሳቸው ናቸው። ልጃቸው ወጥ ቤት ነበረች፤ ከሩቅ ራሷን ነቀነቀችልኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ተቀመጥን። ስለ ጤና፣ ስለ ሥራ ተጠያየቅን። ከዚያ ኮፒውን ሰጠኋቸው።

«ጋሼ፣ የሄድኩት ፍርድ ቤት አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ነው። ሴትዮዋ የጻፈችልኝ የዚህን መጽሐፍ ስም ነው።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ማንበብ ጀመሩ። ጠበቅሁ። ዓይናቸው የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ቆየ፤ አሁንም እዚያው ነው። ከንፈራቸው አንዷን ቃል ይዞ ይለቃታል፣ መልሶ ይይዛታል። ያኔ ነው የገባኝ። ለእኔና ለባሌ ከባድ የነበረው ለእሳቸውም ከባድ ነው። ምናልባትም ይበልጥ። የትምህርት ቤት ዳይሬክተሩ፣ የሁላችን አፍ፣ የስንቱን ሰው በሽታ ለሐኪም የተናገሩት ሰው፣ ወረቀቱን ይዘው ያልባቸዋል።

የደረደርኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«ይመስለኛል ሕጉ ተቀይሯል፣ ጋሼ» አልኳቸው ቶሎ ብዬ። «እሷ ስትመጣ ሌላ ነበር፤ አሁን መመዝገብ ይቻላል ይላል።»

ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«አልተቀየረም» አሉ።

«ሊሆን ይችላል እኮ...»

«አልተቀየረም፣ ልጄ። አልሰማኋትም። ፈጣን ነች። ሕገ ወጥ የሚለውን ሰማሁ፣ ፖሊስ የሚል የሰማሁ መሰለኝ፤ የቀረውን እኔ ሞላሁት።» ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። «ሁልጊዜም የቀረውን የምሞላው እኔ ነኝ። ትደውላላችሁ፣ እመጣለሁ። መጥቼ አልገባኝም ልበል? ለማን ልበል?»

ወጥ ቤቱ በር ላይ ልጃቸው ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። እጇ እርጥብ ነው፤ ውኃው ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል። እሳቸው ዞረው አዩዋት። አባትና ልጅ የተያዩትን መተያየት ባላየሁ ብዬ ስንት ጊዜ እንደተመኘሁ። የልጇን ልብስ ገልባ ያየችብኝ ቀን እኔ ብቻዬን ነበርኩ ያፈርኩት፤ ያን ቅዳሜ ግን ቤቱ ውስጥ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያለው ሰው አልነበረም። ልጃቸው ወደ ወጥ ቤት ተመልሳ ገባች፤ የቧንቧው ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«ሻይ ጠጪ» አሉኝ ጋሼ።

«አይ፣ ልሂድ።»

«ወረቀቱን ውሰጂው።»

ተቀበልኳቸውና ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እውነቱ የእኔ ነበር፤ በኪሴ ይዤዋለሁ፤ አንድም ደስታ አልሰጠኝም።

ተመዘገብኩ። ያቺው ሴት ተመልሳ መጣች፤ በዚህኛው ጊዜ ባሌና እኔ ነበርን፤ «ቀስ ብለሽ» እያልን ደጋግመን አስነገርናት፤ ቅር አላላትም። የመድኃኒት ሳጥኑን ቁልፍ አየች፣ የእሳት ማጥፊያውን አየች፣ ስትወጣ ልጆቹ የሳሉትን አመሰገነች። ከእናቶቹ ግማሹ ልጆቻቸውን መለሱልኝ። ሌሎቹ ሌላ ቦታ አግኝተው ነበር፤ ወይም እንደዚያ አሉኝ። የጋሼ የልጅ ልጅ አልመጣችም። እናቷ ስታየኝ ሰላም ትላለች፤ ፈጥና ታልፋለች።

ለማንም አልተናገርኩም። ባሌም እንዳይናገር አስምዬዋለሁ። ግን ጋሼ ራሳቸው ማስተርጎም ተዉ። ሰው ሲደውልላቸው፣ «ጆሮዬ ደክሟል» ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከፊት የነበረው ቦታቸው ባዶ ሆነ፤ ከኋላ፣ ጫማ ከሚወልቅበት አጠገብ መቆም ጀመሩ። ሰዉ ምን ነክቷቸው ነው ብሎ ይጠያየቃል፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ኮፒውን በፖስታ ብልክላቸው ኖሮ፣ ወይም ከነጭራሹ ዝም ብል ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ስንት ሰው የተሳሳተ መድኃኒት ውጦ ይሆን ብዬ ሳስብ እደነግጣለሁ። ሁለቱንም አንድ ላይ አስቤ ልቤ አርፎ አያውቅም።

በኋላ በኋላ ሰው ለእኔ መደወል ጀመረ፤ መጽሐፍ አንብባ ስቴቱን አሸነፈች የሚል ወሬ ተነሥቶ ኖሮ። ምንም አላሸነፍኩም ብል ማንም አይሰማኝም። አንድ ቀን ሆዷን የሚያማትን እናት ይዤ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ሲናገር አስቆምኩት፤ ድገምልኝ አልኩት፤ አሁንም አልገባኝም አልኩት፤ ቃሉን ጻፍልኝ አልኩት። ፊቴ ይግላል፤ ነርሷ ሰዓቷን ታያለች። ሐኪሙ ለመጻፍ ጎንበስ ሲል እናትየዋ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣

«ጋሼ ቢሆኑ አንድ ጊዜ ቢነገራቸው ይበቃቸው ነበር» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት፤ ወረቀቱን ከሐኪሙ እጅ ተቀበልኩ።